ፀሐይ የሚሞቅ የሬዲዮ ድንጋይ

ልጄ የስልኬን ባትሪ እንዴት እንደምሞላ ይመክረኛል። ጨርሶ እስኪዘጋ አትጠብቂ፣ ከሞላ በኋላ ሶኬቱ ላይ አትተዪው፣ ፀሐይ እንዳያገኘው። እሺ እለዋለሁ። ፀሐይ የምትለዋን ስሰማ ግን ደሜ ይፈላል። እኛ ናዝሬት ባትሪ የምንሞላው በፀሐይ ነበር፤ የምንሞላ መስሎን።

በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ሁሩታ ሊሄድ መናኸሪያ እንደቆመ ታፈሰና ወደ ሰሜን ተላከ። ትንሽ ቆይቶ ደብዳቤው ተቋረጠ። መንግሥት ወንበዴ የሚላቸው አማፅያን አመሻሽ ላይ በሬዲዮ የምርኮኞችን ስም ያነብቡ ነበር። ስሙ ከተጠራ በሕይወት አለ ማለት ነው። ማዳመጥ ስለሚያሳስር እናቴና እኔ ጆሯችንን ሬዲዮው ላይ ለጥፈን እንሰማለን።

የሬዲዮ ድንጋይ የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ ነው፤ ያውም ሲመጣ። ስለዚህ እናቴ የደከመውን ድንጋይ ጠዋት የኩሽናው ቆርቆሮ ላይ ታሰጣዋለች። የናዝሬት ፀሐይ እንደሆነ አይታማም። ሲመሽ ትኩሱን ስንከተው ሬዲዮው ትንሽ ይናገርና ድምፁ ይሰልላል። የሌላ ሰው ልጅ በመትረፉ እየቀናን እንተኛለን።

አንድ ቀን የአጥር ጎረቤታችን፣ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ቆርቆሮውን ቀና ብላ አየች።

«እትዬ፣ ምን ብትሰሙ ነው ድንጋዩ እንዲህ ቶሎ ቶሎ የሚደክምባችሁ?»

«ዘፈን ነዋ! ይቺ ልጅ ዘፈን መቼ ትጠግባለች» አለች እናቴ፣ እኔን እያሳየች።

ከዚያ ወዲያ ቆርቆሮውን ፈራችው። ድንጋዩን ከከሰል ምድጃው አጠገብ ታሞቀው ጀመር። አንዱ ከልክ በላይ ሞቆ ኖሮ ሬዲዮው ውስጥ ውሃውን ተፋ፣ የሬዲዮውንም ሆድ በላው። ጠጋኙ አይሆንም አለን።

እናቴ ያለ ሬዲዮ አንድ ክረምት ጠበቀች። ከዚያ መርዶ ነጋሪ ሳይመጣ እርሟን አወጣች። ያቺ ጎረቤታችንም ንፍሮ ይዛ መጣች፤ ደረቷን እየመታች ከእኛ እኩል አለቀሰች። እናቴ ከዚያ ሐዘን አልተነሳችም። ዓመት ሳይሞላ ቀበርናት።

ደርግ ሲወድቅ ወንድሜ ከምርኮ ተመለሰ። ጎረቤታችን እንኳን ደስ ያላችሁ ልትል ገብታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ስምህ ሲጠራ እኮ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!» አለችው።

ለካ እሷም የራሷን ልጅ ስም ፍለጋ በየምሽቱ ታዳምጥ ኖሯል።

«መቼ ነው የሰማሽው?» አልኳት።

«ከለቅሶው በፊት። ምን ላድርግ ልጄ? እሷም ትሰማለች ብላችሁ ብታስይዙኝስ?»

ወንድሜ መሬት መሬት አየ። እኔ በሩን ከፈትኩላት። እናቴን የገደለቻት እሷ ናት ብል ሰው ክፉ ይለኛል። ይበለኝ።