አማት የተባለው ደመና

በከተማው ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ የሳምንቱን የአየር ትንበያ የሚያነበውን ሰውዬ ሁሉም «ምናልባት» ይሉታል፤ ይህቺን ቃል ሳይጠራ ወጥቶ አያውቅም። የደመና ዓይነቶችን በሙያ ስማቸው ሲዘረዝር ሰው እንደሚያዛጋ ስለገባው በዘመድ ስም ይጠራቸው ጀመር። ላባ የመሰሉት፣ ከላይ ሆነው ማንንም የማይነኩት ስሶቹ «ሙሽሮች» ናቸው። ሰማዩን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ አልሄድም የሚለው ግራጫው ደግሞ «አጎቴ» ነው።

ሰኞ ግን ምላሱን መግታት አቃተው።

«ሐሙስ ከሰዓት አማቴ ይመጣሉ» አለ በሬዲዮ። «ጠቁረው፣ ተነፋፍተው ይመጣሉ፤ ሲያጉረመርሙ ይውላሉ እንጂ ጠብ የሚል ነገር የላቸውም። ልብሳችሁን ሳትሰጉ አስጡ።»

ከተማው በሳቅ ፈነዳ። ማታ ሚስቱ በሩን ከፍታለት፣ «እማዬ ሰምታሃለች» አለችው። «ሐሙስ እመጣለሁ ብላለች።»

ሐሙስ አማቱ መጡ። ሶፋው ላይ ጉብ ብለው፣ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ዝም አሉ። ምናልባት ላብ በላብ ሆነ። ምነው በሰደቡኝና በተገላገልኩ ብሎ ተመኘ፤ እሳቸው እቴ!

ድንገት ጣሪያው ተንጫጫ። ዶፉ ወረደ። ጎረቤቱ ሁሉ የምናልባትን ስም እየጠራ ወደ ልብስ ማስጫው ሲሮጥ በመስኮት ይታያል።

አማቱ ቀስ ብለው ተነሡና ጃንጥላቸውን ዘረጉ።

«አየህ ልጄ» አሉት፣ «እኔ አላጉረመረምኩም፤ ደመናህም ዘነበ። እስቲ ንገረኝ፣ ከሁለታችን የምታውቀው የትኛችንን ነው?»