ተረከዜን የፈተግሁባት ኤሊ

በዚያን ቀን የሠራሁት ሞኝነት ተረከዜን በኤሊ ጀርባ ላይ መፈተጌ ነው።

ሩዙ ታጭዶ ተወቅቶ፣ ውሃው ከማሳው ሸሽቶ፣ ጭቃው ብቻ የቀረበት ሰሞን ነበር። ማሳዬን ዞሬ ስመለስ የፕላስቲክ ጫማዬ በዋልካ ተሞልቶ እያንዳንዱ እግሬ የጥጃ ያህል ከበደኝ። ከድንበሩ አጠገብ ግማሹ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ክብ ድንጋይ አየሁና ጫማዬን አውልቄ ተረከዜን እፈትግበት ጀመር። መልካም ድንጋይ ነበር፤ አይቆረቁርም፣ አያንሸራትትም። አንዱን እግሬን ጨርሼ ሌላውን ላስከትል ስል ድንጋዩ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

ልብ በሉ፤ ሰባ ዓመት አልፎኛል፤ የተወለድሁትም እዚሁ ቁሐር ሚካኤል ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ ድንጋይ እንደሌለ ትናንት የመጣ እንግዳ እንኳ ያውቃል። ለቤቴ መሠረት የሚሆነውን ድንጋይ ከወረታ ወዲያ በጋሪ ነው ያስመጣሁት። እኔ ግን የረገጥሁትን ሁሉ ድንጋይ ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ።

ከጭቃው ውስጥ አንድ ራስ ተነቀለ። አንገቷን ወደ ጎን አጥፋ፣ እንደ ተቀየመ ሰው በአንድ ዓይኗ ብቻ አየችኝ። ሴት መሆኗን በምን አወቅህ እንዳትሉኝ፤ አስተያየቷ ነው። ውሃው ጥሏት ሄዷል፣ ጭቃው ይዟታል፣ ፀሐይ ሲበረታ ደርቃ ትቀራለች ብዬ ፈረድሁ። በጣቴ ፈልፍዬ አወጣኋት። እሷም የሚከረፋ ነገር እጄ ላይ ለቀቀችብኝ። በባርኔጣዬ ይዣት ስሄድ ደረቴ ተነፍቶ ነበር፤ ነፍስ ያዳነ ሰው እንዴት እንደሚራመድ ታውቃላችሁ።

ቤት ውስጥ የተሰበረ ጋን ነበረኝ፤ አፉ ወልቆ ሆዱና ቂጡ ብቻ የቀረ። እሱን አጥቤ ውሃ ሞላሁና አስገባኋት። ጭቃዋን በጨርቅ አሸሁላት። ውሃዋን ጧት ጧት እለውጣለሁ፤ ትል እየቆፈርሁ አመጣለሁ። በሬዎቼን እንኳ እንደዚያ አድርጌ አላውቅም። መጀመሪያ ላይ ትበላ ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ትሉ ከፊቷ ሲንሳፈፍ ዝም ብላ ታየዋለች።

ድምፁ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ሚስቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል። እሷ ድስት ስታጥብ የተቃጠለውን በጥፍሯ እስከ መጨረሻው ሳትፍቅ አትለቅም ነበር። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ከደጅ ተቀምጬ ገመድ ስገምድ ከጓዳ ያንኑ ድምፅ ሰማሁት። ፍቅ፣ ፍቅ፣ ዝም። ፍቅ፣ ፍቅ፣ ዝም። እጄ ከገመዱ ሳይነሳ፣ «ተይው በቃ፣ ነክሮ ማደር ይሻለዋል» አልሁ። አፌን ከዘጋሁ በኋላ ነው ለማን እንደተናገርሁ የገባኝ። ክንዴ ላይ ያለው ሽበት ሁሉ ቆመ።

ገብቼ ብመለከት ኤሊዋ ናት። የጋኑን ግድግዳ በፊት እግሮቿ ትፍቃለች፤ ሁልጊዜ አንዱን ጎን ብቻ፣ ወደ ሜዳው የሚያየውን። ጋኑን አዞርሁት። ተመልሼ ሳያት እሷም ዞራለች። ደግሜ አዞርሁት፤ ደግማ ዞረች። ለቀልድ የጀመርሁት ነገር እኔኑ አስፈራኝና ተውሁት። መስኮት በሌለው ጓዳ፣ ከጋን ሆድ ውስጥ ሆና፣ ሜዳው በየት በኩል እንደሆነ ማን ይነግራታል?

ያም ሆኖ፣ እውነቱን ልናገር፣ ድምፁን ወደድሁት። ስገባ «እንዴት ዋልሽ» እላለሁ። ወረታ ከተማ ያለችው ልጄ ስትደውል ሰምታው፣ «አባዬ፣ ከቤትዎ ማን አለ?» አለችኝ።

«ማንም የለ።»

«ድስት የሚፍቅ ሰው እሰማለሁ እኮ።»

«ኤሊ ናት።»

ልጄም፣ «ቅዳሜ መጥቼ አይዎታለሁ» አለች። ልጆች እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣቸው ምን እንዳሰቡ አይጠፋኝም።

ከዚያ አንድ ጧት ሜዳው ጉም ለብሶ ሳለ ጋኑ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ፈልጌ ፈልጌ ከአልጋዬ ሥር፣ ከራስጌዬ በታች አገኘኋት። የተደለደለውን የቤቴን ወለል ልትቆፍር ስትታገል ነው ያደረችው። ወለሉ ላይ እንደ እጅ ጽሑፍ ያለ ጭረት ነበር፤ ጭረቱ መጨረሻ ላይ ቀይ ነገር። አንስቼ ሳያት የፊት ጥፍሮቿ አልቀው ደምተዋል። ክብደቷም ቀንሷል። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ይህን አይቼ ምን ያሰብሁ ይመስላችኋል? ክዳን ያለው ማሰሮ ያስፈልገኛል አልሁ።

ከቀበሌያችን ዳር አንዲት ሸክላ ሠሪ አሉ፤ ባልቴት ናቸው፣ ከእኔ ብዙ አያንሱም። በልጅነታችን ከሸክላ ሠሪ ዓይን ተጠንቀቁ እየተባልን ነው ያደግነው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ በእሳቸውና በእናታቸው ገንቦ ውሃ ስጠጣ ኖሬ፣ ደጃፋቸውን ረግጬ አላውቅም ነበር። የውሃው ጣዕም አላስፈራኝም፤ ደጃፉ ነበር የሚያስፈራኝ። ይኸን ያህል ብልህ ነኝ።

«አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ ከባድ» ብዬ አዘዝሁ።

«ምን ሊከቱበት ነው፣ አያ?»

«ኤሊ።»

«ሊቀቅሏት ነው?»

«ላኖራት ነው እንጂ። ጭቃ ይዟት ልትሞት ስትል አድኛት።»

ሴትዮዋ በእጃቸው የያዙትን ጭቃ አስቀመጡ። «ራሷ ወዴት ነበር ያን ጊዜ? ወደ ጭቃው ወይስ ወደ ውጭ?»

«ወደ ጭቃው።»

«እንግዲያማ ልትተኛ ስትገባ ነው እግሯን ይዘው የጎተቷት። ደግሞ ጭቃዋን አጥበውላታል ይሆናል?»

«በየቀኑ» አልሁ፤ ሌላ ጊዜ በኩራት የምናገረውን።

አልሳቁብኝም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ዶማቸውን ይዘው ከቤታቸው ኋላ ወዳለው፣ አፈር ወደሚያወጡበት ጉድጓድ ወሰዱኝ። ቀትር ነው፤ ወፍ አይጮህም። ጉድጓዱ ሰፊ ነው፤ ጫፉ ተሰነጣጥቋል፣ ወለሉ ግን ገና እርጥብ ነው። ጎንበስ ብለው አንድ ቁራጭ ጭቃ እንደ ክዳን በሁለት እጃቸው አነሱ። ከሥሩ እንደ ጭቃው የጠቆረች ኤሊ አለች። ዓይኗ ተከድኗል። አትተነፍስም።

«ሙታለች» አልሁ።

«ጣትዎን ያስቀምጡ።»

አስቀመጥሁ። እንደ ማሰሮ ቂጥ ትቀዘቅዛለች። እጠብቃለሁ፣ ምንም የለም። ልነሳ ስል ከጣቴ በታች አንዲት ነገር ገፋ አደረገችኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ እንደገና ዝም።

«ዝናብ እስኪመጣ እንዲህ ናት» አሉኝ። «አፈር ሳወጣ አገኛቸዋለሁ። ያነሳሁትን ጭቃ ያንኑ መልሼ እከድናቸዋለሁ። እናቴም እንዲህ ታደርግ ነበር።»

«ይች አንዲቱ ብቻ ናት?»

ወደ እግሬ አዩ። «እንጃ። ቆመውባት እንዳይሆን።»

አንድ እግሬን አነሳሁ። ሌላውን ወዴት እንደማነሳው ጠፋኝ። እንደ ጋጋኖ ወፍ በአንድ እግሬ ቆሜ ቀረሁ፤ አሁን ሴትዮዋ ሳቁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን መሳቅ አልቻልሁም። ሜዳው ያው የማውቀው ሜዳ ነው፤ ገለባው ተበትኗል፣ ላሞች ይግጣሉ፣ ከሩቅ የውሃ መሳቢያ ሞተር ይጮሃል። ከሥሩ ግን ዓይኑን ከድኖ፣ አንድ ጊዜ እየገፋ፣ ከዚያ ዝም እያለ የሚጠብቅ ስንት ነገር አለ? ሰባ ዓመት በላያቸው ላይ አርሻለሁ፣ ሠርግ ጨፍሬያለሁ። እግሬን ባነሳሁ ቁጥር የምረግጠው ነገር ሲያዳምጠኝ ይሰማኝ ጀመር።

በማግስቱ ኤሊዋን ይዤ ሄድሁ። የእኔ ማሳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ለመግባት የሚመች ጭቃ የቀረው በሴትዮዋ ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ነው። ከጠርዙ ስደርስ ግን እጄ አልፈታ አለ።

«እንዲያው ክረምት እስኪገባ እኔ ጋ ብትቆይስ? ውሃ አላሳጣኋትም።»

«እሷ የምትፈልገው ውሃ አይደለም፣ አያ። ጥፍሯን አዩት አይደል? አሁን ካልገባች አትደርስም።»

«ቤቴ ዝም ይላል እኮ» አልሁ፤ ሳላስበው አመለጠኝ።

ሴትዮዋ ጭቃውን በዶማ ሲከፍቱ ቆዩና ቀና ሳይሉ፣ «ሬዲዮ ይግዙ» አሉኝ።

ማንን እንዳዳንሁ የተረዳሁት ያኔ ነው። ከጭቃ ያወጣኋት እሷን፣ ከዝምታ ያወጣሁት ግን ራሴን ነበር። ደምታ የፋቀችውን ግድግዳ እኔ እንደ ጨዋታ ስሰማው ከረምሁ። አስቀመጥኋት። ጥቂት ቆመች። አንገቷን ወደ ጎን አጥፋ በዚያ በአንድ ዓይኗ አየችኝ፤ ደግሜ እንዳልጎትታት ስትጠብቅ ይሆናል። ከዚያ በራሷ ገባች። ጭቃው ከላይዋ ቀስ ብሎ ገጠመ፤ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ረጋ። ሴትዮዋ ያነሱትን ቁራጭ መልሰው ከደኑና በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት፤ ሕፃን እንደሚያስተኙ።

ከዚያ በኋላ በቀትር አንድ ሁለት ጊዜ ከጓዳ ያንን ፍቅ፣ ፍቅ ሰምቼ ገብቼ አውቃለሁ። ጋኑ የለም፤ አውጥቼዋለሁ። ወለሉ ላይ ጭረቱ ብቻ አለ። ልጄ ቅዳሜ መጥታ ልትደለድለው ብትል ተይው አልኋት። ክረምት ገባና ጉድጓዱ ውሃ ሞላ፤ ወጥታ እንደሆነ አላየሁም፤ ለማየትም ጎንበስ አላልሁም።

ሴትዮዋ ግን ለእሷ ሲሉ ከጉድጓዳቸው ምርጡን አፈር የሚያወጡበትን ማዕዘን በጋውን ሙሉ ዘግተው ከረሙ። ከርብ ወንዝ ዳር አፈር በጀርባቸው ሲያመላልሱ አይቻቸው፣ እኔ በአህያ ሁለት ጭነት አደርስልዎታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። አንዱን አድርሻለሁ። ለሁለተኛው ጭነት ግን አህያዬ አነከሰ አልኋቸው፤ ያኔ እውነት ነበር። አሁን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ «አያ፣ አህያዎ አልዳነም?» ይሉኛል፤ እኔም «እየተሻለው ነው» እያልሁ አልፋለሁ። አህያዬ ከዳነ ወራት አልፈውታል። አንድ ጭነት የሸክላ አፈር አለብኝ።