ስማቸው ያልታወቀ አራት ተማሪዎች

ከምንኖርበት ከስትሪትሃም ተነሥተን በባቡር ወደ እንግሊዝ ደቡባዊ የባሕር ጠረፍ የወረድነው ልጄ የዕረፍት ቀኗን ከእኔ ጋር ለማሳለፍ ስለ ፈለገች ነው። ከተማይቱን የመረጠችው እርሷ ናት። በወጣትነቴ አንድ ሐምሌና ነሐሴ እዚያ እንግሊዝኛ እንደ ተማርሁ አልነገርኋትም። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ታስሬ ከተፈታሁና እርሷን በስድስት ዓመቷ ይዤ ከአገር ከወጣሁ ወዲህ፣ ስላለፈው ነገር አለመናገር ልማዴ ሆኗል።

ዝናብ ሲጥል ወደ ከተማው የታሪክ ሙዚየም ገባን። በሩ ላይ አንዲት አዛውንት በጎ ፈቃደኛ ጃንጥላችንን ተቀብለው ባልዲ ውስጥ አቆሙልን። የዓሣ መረብ፣ የአሮጌ ጀልባ መቅዘፊያ፣ የተዘጉ ሆቴሎች የምግብ ዝርዝር ተደርድሯል። ልጄ ቀድማኝ ትሄዳለች፤ እኔ መግለጫውን ሁሉ እያነበብሁ እከተላለሁ።

መጨረሻው ክፍል ውስጥ ቆማ ጠበቀችኝ። ከፊቷ ካፖርት ደርበው በባሕሩ ዳር የቆሙ አራት ወጣቶች ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ስማቸው ያልታወቀ የውጭ አገር ተማሪዎች መሆናቸውን ገልጾ፣ የሚያውቃቸው ሰው ቢኖር እንዲናገር ይለምናል።

«አባዬ፣ ይሄ አንተ አይደለህም? ጆሮውን እየው፤ የኔ ጆሮ እኮ ነው።»

«አይመስለኝም» አልሁ።

አስቤ የመለስሁት አልነበረም። በታሰርሁበት ጊዜ መርማሪው ሌላ ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ እንዲሁ በትሕትና፣ ማን ማን እንደ ሆኑ ብነግረው ቤቴ እንደምገባ አስረድቶኝ ነበር። አንዳቸውንም አላውቅም ብዬ ጸናሁ። በዚያኛውም ሆነ በዚህኛው ፎቶግራፍ በስተግራዬ የቆመው ያው አንድ ሰው ነው፤ የልብ ወዳጄ። እኔ በተፈታሁ በዓመቱ ሞተ። ስሙን ከዚያ በኋላ ድምፅ አውጥቼ ጠርቼው አላውቅም።

ልጄ አልተከራከረችኝም። «እሺ» ብላ ጃንጥላውን ልታመጣ ሄደች። እንዲህ ስመልስላት መተው ለምዳለች። የከበደኝ ይህ መልመዷ ነው፤ ዝም ያልሁት እርሷን ለመጠበቅ ይመስለኝ ነበርና።

ተከትያት ወጣሁና አዛውንቷን የፎቶግራፉ ሰዎች ማንነት የሚሞላበትን ቅጽ ጠየቅኋቸው። የራሴን ስም ጻፍሁ። ሌሎቹ ሁለቱ በሕይወት ሊኖሩ ስለሚችሉ ሳይፈቅዱልኝ ስማቸውን መስጠት አልወደድሁም፤ ቦታቸውን ባዶ ተውሁት። ወዳጄን ግን ከእንግዲህ ማንም የሚያደርገው ነገር የለም። ስሙን ከነአባቱ ስም ጻፍሁ።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው የመጨረሻውን ስም እንዴት እንደሚያነቡት ጠየቁ። ልጄ ከትከሻዬ በላይ አይታ ልታነብላቸው አፏን ስትከፍት ቀደምኋትና ቀስ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠራሁላቸው። እርሳቸውም ከእኔ በኋላ ደገሙት፤ ደኅና አድርገው አሉት።

«ማነው እሱ?» አለችኝ ልጄ በአማርኛ።

ዝናቡ አላቆመም። ለባቡሩ ገና አንድ ሰዓት ያህል ይቀረን ስለ ነበር፣ ወደ ፎቶግራፉ ተመልሰን አግዳሚው ላይ ተቀመጥንና ከወዳጄ ካፖርት ጀመርሁላት፤ የለበሰው የእኔን ነበር።