የደበቅሁት የአየር ድንጋይ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የዓሣ ገንዳ ሱቁ ባለቤት ወይዘሮ ትርንጎ አንዲት ግራጫ ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። አውራ ጣት ታክላለች፤ ሁለመናዋ ቀዳዳ ነው። «የአየር ድንጋይ ትባላለች» አሉኝ። በአንድ ጫፏ ቀጭን ቱቦ ይሰካባታል፤ ቱቦው ከአየር ፓምፕ ጋር ይገናኛል፤ ፓምፑ ሲነፋ እሷ ውሃው ውስጥ አረፋ ትረጫለች።

«ትሥራ እንጂ አትታይ» አሉኝ ቀጥለው። «ሰው የሚወደው አረፋውን ነው። ድንጋዩንና ቱቦውን ካየ ሳሎኑ ውስጥ ቧንቧ የዘረጋህበት ነው የሚመስለው።» ከዚያ በፊት ቧንቧ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ነገሩ ለእኔ እንደሆነ ገባኝ።

ደብረ ታቦር ላይ አኳሪየም፣ ማለትም የመስታወት የዓሣ ገንዳ፣ ቤቱ የሚያስገባ ሰው አለ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ኧረ ሞልቷል! ሆቴሉ አለ፣ የጥርስ ክሊኒኩ አለ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሳሎን አለ። ያን ሁሉ መስታወት ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ ታቅፌ፣ «ቀስ በል አንተ ሰው!» እያልኩ አመላልሻለሁ። ዛሬ ጉልበቴ ደረጃ አይወጣም። ጣቶቼም ቀዝቃዛ ውሃ ሲነኩ ይቆረጥሙኛል። ደክሞኛል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ፓምፑ ከውሃው ከፍ ብሎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ታች ከሆነ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ወደ ኋላ ይመለስና ፓምፑንም ምንጣፉንም ያበላሻል፤ መብራቱ ደግሞ መጥፋቱ አይቀርም። ቱቦው በኋላ ማዕዘን ወርዶ ጠጠር ይለብሳል። የአየር ድንጋይዋ ጥግ ትይዝና ፊት ለፊቷ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ይደገፋሉ። ይደገፋሉ ነው ያልኩት፣ አይጣበቁም። በየጥቂት ወሩ ዝልግልግ ቆሻሻ ስለሚደፍናት ወጥታ መታጠብ ወይም መቀየር አለባት።

መምህር ይርጋ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ስምንት ወርቃማ ዓሦች ገዝታላቸው ገንዳውን እንድሠራ ተጠራሁ። መምህር የድንጋዮቹ ነገር አሳሰባቸው።

«ተንዶ ዓሦቹን ቢጨፈልቅብኝስ?»

«አይናድም መምህር» ብል፣ «አንተ ምን ቸገረህ፣ ሠርተህ ሂያጅ ነህ» አሉኝ።

ማስረዳቱ ታከተኝ። ከይፋግ በኩል ያመጣኋቸውን ጥቁር ድንጋዮች በሲሊኮን አጣብቄ ዋሻ ሠራሁና የአየር ድንጋይዋን ውስጥ ዘጋሁባት። እጅ ቀርቶ ማንኪያ አይገባም። አረፋው በስንጥቁ ሽቅብ ሲፈላ መምህር «ወይ ጉድ! ምንጭ እኮ ነው!» አሉ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ የሚያምር ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንበሳሜ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ገንዳ እየሞላሁ ስልኬ ጮኸ። መምህር ናቸው።

«እንዴት ዋልክ ልጄ! ዓሦቹ ለመዱኝ እኮ። ከጠዋት ጀምሮ ስጠጋ ስምንቱም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱልኛል። ሰላም ማለታቸው ነው።»

ክው አልኩ። «አረፋውስ?» አልኳቸው።

«እሱማ ቀንሷል። ጭጭ ብሏል።»

ገባኝ። የአየር ድንጋይዋ ተደፍናለች፤ ዓሦቹ አፋቸውን የሚከፍቱት አየር ፍለጋ ነው። «ቱቦውን በመቀስ ይቁረጡና ጫፉን ውሃው ውስጥ ይልቀቁት» ብላቸው ይበቃ ነበር። መልኩ ያስጠላል፣ ዓሦቹ ግን ይተነፍሳሉ። ግን «ለምን?» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ የአየር ድንጋይዋን እንዳትወጣ አድርጌ መዝጋቴን ልናገር ነው። ደግሞስ እንደዚያ ደስ ብሏቸው! አፈርኩ፤ ደክሞኝም ነበር። «ደስ ይላል መምህር፤ ነገ ጠዋት ብቅ እላለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

በማግስቱ ከአንበሳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ መምህር ቤት ደረስኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ስምንቱም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል።

«ትናንት እኮ ሰላም ሲሉኝ ነበር» አሉ።

«ሰላም እያሉ አልነበረም መምህር። አየር አጥሯቸው ነው። የአየር ድንጋይዋ ተደፍናለች፤ እንዳትወጣ አድርጌ የዘጋኋት እኔ ነኝ።»

ገንዳውን ትተው እኔን አዩኝ። «በስልክ ስነግርህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እና ደስ ይላል አልከኝ?»

ዓሦቹን በመረብ አወጣሁ፣ ውሃውን ቀድቼ ደፋሁ። ሌላ ዓሣ በራሴ ላምጣልዎት ብላቸው «ተወው። ገንዳውንም ውሰደው» አሉ። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። እሳቸው ግን የጠራሁት ባጃጅ ድረስ መስታወቱን በአንድ ወገን ይዘው ሸኙኝ።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። የአየር ድንጋይ ስትሰውሩ እጅ የሚገባበት ክፍተት ተዉ። ደንበኛ ደውሎ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጡ ካለ ያኔውኑ ቱቦውን አስቆርጡት፤ ጥፋቱ የእናንተ ከሆነም እዚያው ስልኩ ላይ ንገሩት። ነገ አትበሉ።