ሁለት ሰዎች አንድ ማሳ ሲያጭዱ

የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ የወደቅሁት በሒሳቡ ነው። እንግሊዝኛው ደህና ነበር። የሒሳቡን ውጤት ለኃላፊዬ ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው፤ መጀመሪያ ስነግራቸው የሰሙኝ አልመሰለኝም ነበር።

"ሰምቼሃለሁ" አሉኝ።

የምሠራው መካነ ሰላም፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በየጊዜው ለሁለተኛ ዲግሪ የሚልከው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ተራው የእኔ ነበር። ኃላፊዬ ቀና ሰው ናቸው። "አንድ ጊዜ ደግመህ ትሞክራለህ። ካልሆነ ዕድሉን ለቀጣዩ ሰው እሰጣለሁ፤ እንዳትቀየመኝ" አሉ። እንደማልቀየም አረጋገጥኩላቸው። ቀጣዩ ሰው ከእኔ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ነበር የሚሠራው። በየጠዋቱ "ጥናት እንዴት ነው?" ይለኛል።

አንድ ግቢ ውስጥ አብሮኝ የሚከራይ የሒሳብ መምህር ነበር። ከሥራ መልስ በየቀኑ አንድ ሰዓት ሊያስጠናኝ ተስማማ። "አብሽር፣ ሒሳብ ልምምድ ነው" አለኝ። ደብተር ገዛሁ፤ ኅዳጉን በቀይ አሰመርኩ። መቶኛን በአንድ ሳምንት ጨረስን። ከዚያ የጋራ ሥራ ጥያቄዎች ላይ ደረስን።

"አንድ ሰው አንድን ማሳ ብቻውን በስድስት ቀን ያጭዳል" አለ መምህሩ። "ሌላው ያንኑ ማሳ ብቻውን በሦስት ቀን ያጭዳል። አብረው ቢያጭዱ በስንት ቀን ይጨርሳሉ?"

"በስድስት።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "አንዱ ብቻውን በሦስት ቀን የሚጨርሰውን፣ ሰው ሲጨመርለት ስድስት ቀን ይፈጅበታል?"

"ታላቁ ማን እንደሆነ አልተጻፈም" አልኩ። "ቀርፋፋው ታላቁ ከሆነ ፈጣኑ ይጠብቀዋል።"

የመሰለኝን ነበር የመለስኩት። በእኛ ዘንድ ደቦ ሲወጣ አጫጆቹ በመደዳ ተሰልፈው እኩል ነው የሚሄዱት። ጥሎ የሄደ ሰው ጎረቤቱን አዋርዷል። ስለዚህ እጁ የፈጠነው ቆም ይላል፤ ነዶውን ያስተካክላል፤ ማጭዱን በጣቱ ይፈትሻል፤ የኋለኛው ሲደርስ አብረው ይቀጥላሉ። ፈተናው ላይ እንዲህ ያሉ ሦስት ጥያቄዎች መጥተው ሦስቱንም በዚሁ መንገድ ነበር የሠራኋቸው። የእኔ መልስ ሁልጊዜ ከምርጫዎቹ መካከል ስለነበር ጥያቄ አውጪውም ደቦ የሚያውቅ ሰው መስሎኝ ነበር።

"ወላሂ፣ አንተን የጣለህ ሒሳብ አይደለም" አለ መምህሩ። "ይሉኝታ ነው።"

በማግሥቱ ሰዎቹን በቧንቧ ተካቸው። "ቧንቧ አይተፋፈርም። አንዱ ታንከሩን በስድስት ሰዓት ይሞላል፣ ሌላው በሦስት። ሁለቱም ቢከፈቱ?"

"ሁለቱም ከተከፈቱ ግፊቱ ይቀንሳል።"

"አይቀንስም!"

"የእኛ ሰፈር ፈረቃ ካልሆነስ?"

"ውሃ አለ! ሁልጊዜ አለ! የምን አገር ቧንቧ ነው እንዳትለኝ!"

ደብተሬ ላይ "ውሃ ሁልጊዜ አለ" ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ሁለት ሰዓት መሆኑንም ጻፍኩ፤ አላመንኩበትም እንጂ።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው የአባቴ የገብስ ደቦ ደረሰ። ቤተሰቤ ያለው በአቀስታ መንገድ ከመኪና ወርዶ አንድ ሰዓት በእግር ነው። ፈቃድ ስጠይቅ ኃላፊዬ "ለጥናት ነው?" አሉኝ። "በከፊል" አልኩ።

አጫጆቹ አባቴና ሰባት ጎረቤቶች፣ በጠቅላላው ስምንት ነበሩ፤ እኔ ዘጠነኛ ሆኜ ከዳር ገባሁ። ለጥናቴ ይጠቅመኛል ብዬ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ልቆጥር ወሰንኩ። ቀና ስል ስምንቱም ማጭዳቸውን በጣታቸው እየፈተሹ ነው። አጭጄ አጭጄ እንደገና ቀና አልኩ። አሁንም እየፈተሹ ነው።

"ማጭዱ ሁሉ ዶልድሟል እንዴ?" አልኳቸው ከጎኔ ያሉትን ሽማግሌ።

"ማጭዱስ ደህና ነው፣ ልጄ። አንተ እስክትደርስ ነው።"

እስከዚያ ቀን ድረስ ከሚጠብቁት አንዱ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው።

ምሳ ላይ አባቴን ጠየቅኋቸው። "አባዬ፣ እኔ ባልመጣ ስንት ሰዓት ትጨርሱ ነበር?"

አባቴ መዋሸት አይችሉበትም። "ምሳ ሳይደርስ" አሉ።

"እኔ ስኖርስ?"

"ፀሐይ ስትጠልቅ። ካልመሸብን።"

"ታዲያ ለምን ትጠሩኛላችሁ?"

"አንተ ስትመጣ ወገባችን ያርፋል!" አለ አንዱ አጫጅ፤ ማዕዱ በሙሉ ሳቀ።

ከምሳ በኋላ እንዳይጠብቁኝ ለመንኳቸው። ሳቁ ቆመ። ሽማግሌው "ምነው፣ ተቀየምክ?" አሉኝ። ለፈተና እንደሆነ፣ የምማረው ወይም የምቀረው በዚህ እንደሆነ አስረዳሁ። ተያዩ። አባቴ "እንግዲህ ለትምህርቱ ከሆነ" አሉና ተነሡ።

ስምንቱ ሄዱ። እንዲያ ሲያጭዱ አይቼ አላውቅም። ብዙም ሳይቆዩ ከማሳው ዳር ደርሰው ድንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ መካከል ላይ ቀረሁ። አንዱ ሊያግዘኝ ሲነሣ አባቴ እጁን ይዘው አስቀመጡት። ስምንቱም ወደ ሌላ አቅጣጫ ማየት ጀመሩ፤ እኔን ላለማሳፈር።

የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው። የእኔ መደዳ ጠባብ ነበር፤ ነገር ግን ያቺን ያህል ከእነሱ ሥራ ላይ ተቀንሶላቸዋል። ማንም ማንንም ካልጠበቀ ቀርፋፋው ሥራውን ያሳጥራል እንጂ አያስረዝምም። አንዱ በቀን የማሳውን አንድ ስድስተኛ ያጭዳል፤ ሌላው አንድ ሦስተኛ። ሲደመር ግማሽ ነው። ማሳው በሁለት ቀን ያልቃል።

ነዶ ተሸክመን ስንመለስ ማንም አልዘፈነም። ደቦ ሳይሆን ለቅሶ ይመስል ነበር።

"ፈተናው የሚጠይቀው ይህንን ነው?" አሉኝ አባቴ።

"አዎ።"

ጥቂት ሄዱና "ከባድ ነው" አሉ።

ፈተናውን ደሴ ሄጄ ተፈተንኩ። ሁለት ሰዎች አንድ ግድግዳ ቀለም ይቀቡ ነበር። ዕድሜያቸውን አልጠየቅሁም። አንዱ ሌላውን ቀና ብሎ ሳያይ ቀቡ፤ ክፍልፋዮቹን ደምሬ መልሱን ኮምፒውተሩ ላይ መረጥኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ። መጨረሻ ላይ ስድስት ደቂቃ ተረፈኝ፤ እንደገና አየኋቸው፤ አሁንም አልተጠባበቁም።

ውጤቱ ከማለፊያው በጥቂቱ ከፍ ይላል። ወረቀቱን አትሜ ለኃላፊዬ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት።

"ትንሽ ናት" አሉ።

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"ትበቃለች" ብለው ለትምህርት የሚልከኝን ደብዳቤ ፈረሙ። ማኅተም ያዧ ምሳ ወጥታ ስለነበር እጄ የገባው ከሰዓት በኋላ ነው።