ሰባት አያት ለአንድ ገመድ

ሶማሌ ክልል፣ ኤረር የሄድኩት ከዩኒቨርሲቲ እንደተመረቅኩ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ጋር ለሳምንት አገልግሎት ነው። አባቴ ኦርቶዶክስ ነው። ጴንጤ ከሆንኩ ጀምሮ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበረንም፤ ለዚህ ጉዞ ብዬ ከሥራ ፈተና ስቀር ደግሞ እሱንም ተወው።

ጠዋት ጠዋት እዚያ ለተመደቡ መምህራንና ወታደሮች ልጆች መዝሙር እናስተምራለን። ከሰዓት በኋላ እናቶቻቸው የፈቀዱላቸው የጎረቤት የሶማሌ ልጆችም ይመጣሉ፤ ያኔ ጨዋታ ብቻ ነው። እኔ የምጓጓው ለዚያ ነበር። መዝሙሩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሙቀቱ ላይ ይረዝምብኝ ነበር።

የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ አማርኛዋ ቀልጠፍ ያለ አንዲት ልጅ ገመድ ዝላዩን ትመራለች። የሚዘለው በአያት ስም ነው፤ በአንድ ዝላይ አንድ አያት። እሷ ትንፋሽ ሳትወስድ ከአስር አለፈች። ተራዬ ሲደርስ የአባቴን፣ የአያቴን አልኩና ሦስተኛው ላይ ደረቅኩ።

ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ተናድጄ ዲግሪ እንዳለኝ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ዲግሪሽ አባቶችሽን አያውቃቸውም?» አለችኝና ገና መዝለል ከማይችሉት ሕፃናት ጋር አስቀመጠችኝ። ሰባት ካልደረስኩ አልነሳም። በማግስቱም ለመንኳት፤ ወይ ፍንክች።

እኛም ጋ እኮ ለጋብቻ እስከ ሰባት ይቆጠራል፤ ግን የሚቆጥሩት ሽማግሌዎች ናቸው፣ ማን ያጠናዋል? ሳምንቱ እያለቀ ነው። አማራጭ ሳጣ ለአባቴ ደወልኩ።

የታመምኩ መስሎት ደነገጠ። እስከ ሰባተኛው ድረስ አያቶቼን ንገረኝ አልኩት።

«ለምንሽ ነው?» ማለቱ ቀርቶ፣ «ማን ጠየቀሽ?» አለኝ።

የገመዱን ነገር ነገርኩት። ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። እያንዳንዱን ስም ካስደገመኝ በኋላ ነው ወደሚቀጥለው የሚያልፈው። ስድስተኛው ቄስ ነበሩ አለኝ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚያ ላይ ቆሞ ይመክረኝ ነበር። አልመከረኝም። ልጆቹ እስከ ስንት እንደሚቆጥሩ ጠየቀኝ፤ ከአስር በላይ ስለው፣ «ያሳደጓቸው ይባረኩ» አለ።

በነጋታው ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። ልጆቹ ጮክ ብለው ስሞቹን ከእኔ እየተቀበሉ ይደግማሉ። የእኔ አያቶች በዚያ አቧራ ላይ፣ በሶማሌ ልጆች አፍ ሲጠሩ ዛሬም ይሰማኛል። ቄሱን አለፍኩ። ሰባተኛውን እየጠራሁ ገመዱ እግሬን ያዘኝና በግንባሬ ተደፋሁ።

ልጅቷ አልሳቀችም። የገመዱን ጫፍ ሰጠችኝና «ያዢ፣ አሁን ለኛ አዙሪ» አለች። እስኪመሽ አዞርኩላቸው።

ማታ ስልኬ ጠራ። አባቴ ነው። ሰላምታም የለው።

«ስንተኛው ላይ ወደቅሽ?»