ሁለተኛው ይሁዳ

ፍኖተ ሰላም የሄድኩት ለዐሥር ቀን ነበር። ሥራዬ ግራፊክ ዲዛይን ነው፤ የከተማዋ ሰዓሊዎች፣ ጥልፍ ሠሪዎችና ማስታወቂያ ጻፊዎች «መጥተው ሥራችንን ይዩልን» ብለው ከአዲስ አበባ ጋበዙኝ። ይዩልን ነው ያሉት፤ እኔ ግን ላስተምራቸው ነበር የሄድኩት። በሦስተኛው ቀን የማስተምረው ነገር አለቀብኝ። በዋናው መንገድ ዳር አንድ ሰው የምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ያለ እርሳስ፣ ያለ ማስመሪያ ፊደል ሲጽፍ አየሁ፤ መስመሩ ውልፍት አይልም። እኔ ያንን መስመር በኮምፒውተር ላቃናው ብል ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ቀናሁበት። ኋላ ላጠፋሁት ጥፋት ሰበቡ ይኸው ቅናት ይመስለኛል።

ሰውየው ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ከሆቴል ማስታወቂያና ከባጃጅ ጀርባ ጽሑፍ ሌላ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከአንድ አረጋዊ መምህር ሥር ሆኖ ተምሯል። ያን ሰሞን አንድ የገጠር ደብር የመጀመሪያውን ሥራ ሰጥቶታል፤ ጌታ ከሐዋርያቱ ጋር በማዕድ የተቀመጠበትን ሥዕል በሸራ ላይ እንዲሥል። ሸራው ከተወደደ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ በሙሉ የእሱ ይሆናል። ካልተወደደ ተመልሶ ባጃጅ ነው። አባቶች ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጥተው ሊያዩት ተቀጣጥረዋል።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ቤቱ ተቀምጬ ሲሥል ሳይ ከጎረቤት ለቅሶ ተሰማ። እዚያ አገር ቀብር ሳይደርሱ ብሩሽ አይያዝም። «ጋሼ፣ እስክመለስ ቤቱን ይጠብቁልኝ። ቀለሙ አልደረቀም፣ አቧራ እንዳይገባበት በሩን ገርበብ ያድርጉት» ብሎኝ ጋቢውን ለብሶ ወጣ።

ይሣሉልኝ አላለኝም። ብቻዬን ስቀር ግን ዓይኔ ከሸራው አልነቀል አለ። ዐሥራ ሦስት ፊት፤ ጥግ ላይ ካለው ከአንዱ በቀር ሁሉም ፊት ለፊት ያያሉ። ደረቅ ሆነብኝ። ከግራ ሦስተኛው ሐዋርያ ገና በከሰል ብቻ የተነደፈ ነበር። እሱ ዘወር ብሎ ጎረቤቱን ቢያናግር ሥዕሉ ነፍስ ይዘራል ብዬ አሰብኩ። ብሩሹን አነሳሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ፊቱን ወደ ጎን አዞርኩት፤ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ዓይን። ራቅ ብዬ ሳየው ደስ አለኝ፤ እንዲያውም በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

የደብሩ አስተዳዳሪ የሆኑት ቄስና አንድ አረጋዊ መሪጌታ ሲደርሱ ሰዓሊውም ከቀብር ተመልሶ ከኋላቸው ገባ። መሪጌታው ሸራውን ከዳር እስከ ዳር አዩና በመቋሚያቸው ጫፍ መጀመሪያ ጥግ ላይ ያለውን ፊት፣ ቀጥሎ እኔ የሣልኩትን አመለከቱ።

«ለመሆኑ ጌታን የሸጡት ስንት ነበሩ?»

ያኔ ገባኝ። በእኛ ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን የሚሣለው ከሐዲና ሰይጣን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በደብራችን ግድግዳ ላይ ሳየው ኖሬያለሁ፤ ለምን ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። ሐዋርያውን ይሁዳ አድርጌዋለሁ።

ሰዓሊው አንዴ አየኝና ወደ እሳቸው ዞረ። «እጄ ስቶ ነው፣ የኔታ። ለቅሶው ልቤን ወስዶት ነበር። ዛሬውኑ አቀናዋለሁ።»

መሪጌታው መቋሚያቸውን ከሸራው መለሱ። «እጅ የሳተውን እጅ ያቀናዋል» አሉ። ቄሱም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ነገሩ አልቆ ነበር። እኔ ግን ሰው በእኔ ጥፋት ሲዋረድ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

«አባቶች፣ የሣልኩት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሰዓሊው ዓይኑን ጨፈነ። ቄሱ በለሰለሰ ድምፅ «በጾም ነበሩ?» ብለው ጠየቁኝ። ቁርስ በልቼ እንደነበር ነገርኳቸው። መሪጌታው ግን ወደ ሰዓሊው ዞሩ። «ይህን ሸራ ስትጀምር ንስሐ አባትህን አስፈቅደህ፣ ጾመህ ነው። እንዴት ላገኘኸው ሰው ትተኸው ትወጣለህ?» እንመክርበታለን ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ሥራው ለአንድ የቡሬ ሰዓሊ መሰጠቱን ሰማሁ። የእኛን ሰዓሊ ሄጄ ሳገኘው መሰላል ላይ ወጥቶ የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ ይጽፋል። መሰላሉን ያዝኩለትና ይቅርታ ጠየቅኩት። እውነቱን ባልናገር ኅሊናዬ አያስቀምጠኝም ነበር አልኩት።

የጀመረውን ፊደል ጨረሰ።

«እጄ ነው ያልኩት እርስዎን ላድን ብዬ አይደለም፣ ጋሼ» አለ። «የሳተ እጅ ይታረማል። ሸራውን ለሌላ እጅ የተወ ግን አይታመንም። ይህን ስለማውቅ ነው።» ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረ። «ለመሆኑ እርስዎስ ቀለለዎት?»

ሌሊቱን ለጥ ብዬ ነበር የተኛሁት።